የፖርታ ፖርቴዜ ሰማያዊ ሳህኖች

ሮም፣ 1975 ዓ.ም.

ጥቅምት 14፣ እሑድ

ዝናብ። የፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ጭቃ በጭቃ። ኦሬስቴ ዕቃውን በላስቲክ ሸፍኖ ሲጋራውን ያጨሳል። ሰላም እንኳ ሳልለው ዓይኔ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ማንኪያ፣ የተሰበረ ሬዲዮ፣ ቡናማ ሳህን... ሰማያዊ የለም።

«ሲኞራዋ ወሰደችው» አለኝ።

የቷ ሲኞራ? በጠዋት የምትመጣ አንዲት ሴት አለች አሉ። የቻይናውን ሰማያዊና ነጭ ብቻ ለቅማ ትሄዳለች። ጭራሽ ለእሷ ማስቀመጥ ጀምሯል! ስንት ዓመት የተመላለስኩት እኔ... ደንበኝነት ማለት ይሄ ነው?

ባዶ እጄን ወደ ሰፈሬ ቶር ፒኛታራ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ መደርደሪያዬ ፊት ቁጭ አልኩ። በገዛ እጄ የሰቀልኩት ባለ ሦስት ደረጃ መደርደሪያ። ዙሪያውን ስኒ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ዝርግ ሳህን። ሁሉም ጉዳተኛ ነው። አንዱ ከንፈሩ ተሸርፏል፣ አንዱ ተሰንጥቋል፣ አንዱ በሽቦ ተሰፍቷል። ደህና ደህናውን ድሮ መሳፍንቱና ካርዲናሎቹ ወስደውታል፤ እንደ እኔ ላለ የሆቴል ፖርቲየሬ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ግን ሰማያዊው ያው ሰማያዊ ነው። ቻይናዎቹ ሲቀቡት ጥቁር ግራጫ ነበር። እሳት ገብቶ ሲወጣ ነው እንዲህ የሚሆነው። ይህን ያነበብኩ ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ...

አሁን ግን ተናድጃለሁ። ሾርባ በልቼ ልተኛ።

ጥቅምት 21፣ እሑድ

ማልጄ ሄድኩ። ሴትዮዋ ቀድማኛለች።

ሐበሻ ናት! ግራጫ ካፖርት፣ አጠር ያለች፣ ሃምሳ የሚጠጋት። ብብቷ ሥር አንድ ሳህን ይዛለች፤ አጋዘን የተሳለበት። ቀደም ብሎ ኦሬስቴ ጋ አይቼው ገንዘብ አጥሮኝ፣ ለዚያ አጋዘን ስል እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩ ነኝ። አፍጥጬ ቀረሁ። አየችኝና በአማርኛ፣ የአሥመራ ቃና ባለው አማርኛ፣

«እርስዎ ነዎት ኋለኛው?» አለችኝ።

ኦሬስቴ ለእሷ ስለ እኔ ሲያወራ ስሜን «ኋላ የሚመጣው» ብሎታል። ምን ይባላል? ነኝ አልኳት።

ተብለጽ ትባላለች። ፓሪዮሊ ሰፈር ለአንድ ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ናት። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ይህን ሁሉ ከኦሬስቴ ድንኳን እስከ አውቶቡሱ ስንሄድ ነገረችኝ። ሳህኑን ግን አላስነካችኝም።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

ዛሬ ሥራ ቦታ የእንግዳ ፓስፖርት ለሌላ እንግዳ ሰጠሁ። ምን እያሰብኩ ነበር?

ጥቅምት 28፣ እሑድ

እንደራደር አልኳት። አንድ እሑድ እርስዎ፣ አንድ እሑድ እኔ። አሰበችና፣ «መጀመሪያ ለምን እንደሚገዙ ይንገሩኝ» አለች።

ለማየት ነው አልኩ።

«ሳህን ለማየት?»

ታሪኩን ጀመርኩላት። የፖርቱጋል መርከቦች፣ ሆላንዶች አንዷን መርከብ ማርከው ዕቃውን አምስተርዳም ላይ ሲቸበችቡት፣ ከዚያ ወዲያ አውሮፓ በሙሉ በሰማያዊ ሳህን ሲያብድ... ሁሉን አዳመጠች። ደግ ሴት ናት። ስጨርስ እርስዎስ ለምን ይገዛሉ አልኳት።

«ቀኑን ሙሉ ለሰው በወርቅ ጠርዝ ሳህን ሳቀርብ እውላለሁ። ቤቴ ገብቼ በፕላስቲክ ልብላ? አልበላም።»

ማለት... ትበላበታለች? በቻይና ሚንግ ነገሥታት ዘመን ሳህን ላይ?

ድርድሩንም ረሳሁት።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ትራስቴቬሬ አንድ ባር ገብተን ቆመን ካፑቺኖ ጠጣን። ለጎንደር ነገሥታት ግቢ የቻይና ሳህን ይመጣ እንደነበር ነገርኳት፤ ስባሪው እስከ ዛሬ ከመሬት ይወጣል። እናቴ የጎንደር ሰው ናትና ትንሽ ኮራ ብዬ ነው የተናገርኩት።

«በየት በኩል መጣ?» አለች።

በምጽዋ።

አባቷ የምጽዋ ወደብ ሠራተኛ ነበሩ። ስኒዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«አሎራ፣ ታዲያ እኛ ካላሳለፍንላችሁ በምን ልትበሉ ነበር?»

ሳቅኩ። ከልቤ ሳቅኩ። በእኛና በእነሱ መካከል ያለውን ነገር እንዲህ አድርጎ ያነሣብኝ ሰው የለም። ሌላው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይጮኻል።

ቡና ቀጂው ባሪስታ እንኳ ዞሮ አየኝ።

ኅዳር 12፣ እሑድ

ምሳ ጠራችኝ። ክራቫት አሠርኩ፤ ቆየሁ ካሠርኩ... የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሥራዬን ከለቀቅኩ ወዲህ ያሠርኩ አይመስለኝም።

ክፍሏ አንድ ናት፣ ግን ንጹሕ። ሰላጣው ቀርቧል። በምን? ሦስት መቶ ዓመት በሞላው ጎድጓዳ ሳህን! በሎሚና በኮምጣጤ! አጋዘኑ ሳህን ላይ ደግሞ ቃሪያ ተቆርጦበታል። ላብ አጠመቀኝ። ልታጥብ ተነሥታ የዕቃ መፈተጊያ ሽቦ ስታነሣ ሳላስበው እጇን ያዝኩ። አየችኝ። ለቀቅኩ።

ከዚያ ዝግኒውን፣ ቀይ የሥጋ ወጡን፣ አመጣች። ክንድ የሚያህል ትልቅ ዝርግ ሳህን፣ መሐሉ ላይ ዳክዬዎች የሚዋኙበት፣ አንድ ጎኑ በሽቦ የተሰፋ። እንጀራው ሞልቶበታል። እንዲህ ያለውን ሙዚየም ውስጥ ነው የማውቀው። ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። ከዚያው ከኦሬስቴ፤ የድመት ምግብ ይሰጥበት ነበር አለች።

ይህ ሳህን ለአውሮፓ አልተሠራም አልኳት። አውሮፓ እያንዳንዱ በየሳህኑ ስለሚበላ ይህን የሚያደርግበት አጥቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ቻይናዎቹ እንዲህ ትልልቁን የሠሩት ለፋርስና ለዓረብ፣ ከአንድ ገበታ ዙሪያውን ተቀምጦ ለሚበላ ሰው ነው...

«ታዲያ እኔ ምን እያደረግኩ ነው?» አለች። «ይብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

በላሁ። ወጡ እየቀነሰ ሲሄድ እንጀራው ሥር መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዳክዬዎቹ ብቅ ብቅ አሉ። መጽሐፉን ሁሉ አንብቤ ይህን አላየሁም ነበር። ሠዓሊው ይህን አስቦ ነው የሣለው! በልቶ ለጨረሰ ሰው።

እጅ የሚያስቆረጥም ዝግኒ ነበር። ይህንንም ልጻፈው።

ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ

የሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቷ ነው። ቪያ ሜሩላና ያለው የምሥራቅ ሙዚየም ወሰድኳት። መስተዋት ውስጥ ያሉትን፣ ምንም ሽራፊ የሌለባቸውን ማሰሮዎች እየዞረች አየች። ስንወጣ ምን ይመስላሉ አልኳት። «ጾማቸውን ያደሩ» አለች።

አሁን ልብ አልኩ... ከጥቅምት ወዲህ ማስታወሻዬ ላይ ስለ ሳህን የጻፍኩት ጥቂት ነው።

ታኅሣሥ 29፣ ዓርብ፤ ገና

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ተሰጥቷት መጣች። መደርደሪያዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። አንድ በአንድ አየች፣ አልቸኮለችም። ተራዬን ልተርክ አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

«ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ይህን ያህል ዘመን ብቻህን ነው የበላኸው?»

ብቻህን። እርስዎ ቀረ። እኔም አንቺ ልላት ሞከርኩ፣ አፌ ተሳሰረ። ኋላ ወጣልኝ። አንቺ አልኳት። ምን አንቺ አለች። ታገቢኛለሽ ወይ አልኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ ሀብቴ ይህ ስብርባሪ ነው... ይህንንም ሳላስቀር ተናገርኩ።

ተነሥታ ከመደርደሪያው አንድ ጎድጓዳ አወረደች። ብርቱካን ልጣ ጨመረችበት፣ ከፊቴ አስቀመጠችው።

«ወንድሜን ረዘነን አስጠይቅ» አለች። «በወጉ።»

ገና እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም።

ጥር 8፣ እሑድ

አባ ተክለ ጻድቅ ቫቲካን የሚማሩ ካህን ናቸው፤ የተብለጽ የንስሐ አባት፣ የእኔ የቼዝ ባላጋራ። ሁለት ሽማግሌ ይዘው ረዘነ ቤት ሄዱልኝ። ረዘነ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ የአባቷን ቦታ የያዘ ታላቅ ወንድሟ። አባ ሲመለሱ ፊታቸውን አይቼ አወቅኩ።

ጠላ አቅርቧል፣ አክብሯል፣ አዳምጧል። ከዚያ «የኤምባሲ ሰው ነው» ብሏል። አባ፣ ኤምባሲውን ከለቀቀ እኮ ቆየ፣ ደርግ ተመለስ ቢለው እምቢ ያለ ስደተኛ ነው ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። ረዘነ የመለሰው አንድ ነው። ታናሻቸው መብራህቱ ከሻዕቢያ ጋር ሜዳ ነው ያለው። ሳሕል ላይ ጦርነቱ ከበረታ ጀምሮ ይኑር ይሙት አይታወቅም። «እሱ በሕይወት ቢመለስ አማቹን ማን ብዬ ላስተዋውቀው?»

ቼዙም ተዘርግቶ ቀረ። አልተጫወትንም።

ጥር 15፣ እሑድ

ገበያ አልመጣችም።

ጥር 22፣ እሑድ

ዛሬም። ኦሬስቴ አንድ ውብ ስኒ ለ«ሲኞራዋ» አስቀምጧል። አንተ ውሰደው አለኝ። አልወሰድኩም። ወሰደችብኝ ብዬ የተናደድኩበት ጊዜ... ምን ዓይነት ሞኝ ነበርኩ?

የካቲት 6፣ እሑድ

ብዕሬ መስመሩን እየሳተ ነው የምጽፈው። በሳቅ ነው። ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ረዥም፣ ሰፊ ትከሻ፣ ጥቁር ጃኬት። «ረዘነ ነኝ» አለ። ግባ አልኩት። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ። መደርደሪያው አጠገብ ቆመ።

ንግግሩን ተዘጋጅቶበት ነው የመጣው። በእርስዎ ነው የሚያናግረኝ፣ ግን ከስድብ የከፋ እርስዎ። እህቴን ይተዉልኝ። እኛ ልጆቻችንን ሜዳ እየቀበርን እርስዎ እዚህ ሰማያዊ ሳህን ይደረድራሉ። ወንድማችን የት እንዳለ ያውቃሉ? ብሎ ግድግዳውን በመዳፉ መታው።

መደርደሪያው «ቋ» አለ።

ሁለታችንም ቀና አልን። ላይኛው ብሎን ከግድግዳው ቀስ ብሎ ወጣ... አየሁት፣ እንደ ጥርስ ወጣ። መደርደሪያው በሙሉ ወደፊት ዘመመ። እኔ ደንዝዤ ቀረሁ። ረዘነ ግን በአንድ እርምጃ ሥሩ ገብቶ በሁለት እጁና በትከሻው ያዘው። አንዲት ስኒ ብቻ ወደቀች። ሌላው ተንኳኳ፣ ተንኳኳና ቆመ።

«አውርደው!» አለኝ።

ማውረድ ጀመርኩ። አልጋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ። ስፈራ ወሬ ይበዛብኛል፤ የድሮ ሕመሜ ነው። እያወረድኩ መተረክ ያዝኩ። ይሄ የሆላንድ መርከብ ላይ የመጣ ነው... ይሄ ከናፖሊ አንድ ባሮን ቤት የወጣ... ይሄኛው ሥሩ ላይ አሸዋ አለ፣ እየው፣ የምድጃው አሸዋ ነው፣ የሠሪው...

«ታሪኩን ተወውና ሳህኑን አውርድ» አለኝ ረዘነ። ላቡ እየወረደ። አንተ ነው ያለኝ።

እሺ አልኩ። ሁለት ዝም ብዬ አወረድኩ። ሦስተኛው ላይ አልቻልኩም። እንዲህ ያለውን ሰማያዊ ማሰሮ ለማግኘት ጀርመን አገር አንድ የሳክሶኒ ንጉሥ ስድስት መቶ ወታደሮቹን ለጎረቤቱ ንጉሥ እንደሰጠ ነገርኩት። ወታደር ሰጥቶ ሸክላ ተቀበለ።

ረዘነ ከመደርደሪያው ሥር ቀና ብሎ አየኝ።

«እሱስ ቢያንስ ማሰሮ አገኘበት» አለ። «የእናንተው ደርግ ወታደሩን ሰጥቶ ምን አገኘ?»

ስኒ በእጄ ይዤ ቆምኩ። እውነቱ አንድ ነው።

«ምንም» አልኩት። «ምንም አላገኘም። ምንም ስለማያገኝበት ነው ያልተመለስኩት።»

ትከሻውን አመቻቸ። ከዚያ በዝግታ፣ «የአሸዋውን ጨርስልኝ» አለ።

ጨረስኩለት። የሠሪው ስም አይታወቅም፣ ምድጃው ሥር ዕቃው እንዳይጣበቅ አሸዋ በትኖ ነበር፣ አሸዋው አብሮ ቀረ። ከሩቅ አገር ወንዝ ዳር የመጣ አሸዋ ቶር ፒኛታራ። ረዘነ ሲሰማ ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ መደርደሪያው ከነቀረው ሳህን አብሮት ይንቀጠቀጣል። አትሳቅ! ብዬ ጮህኩ። ባሰበት። እኔም ያዘኝ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ሣንቃ ተሸክሞ፣ አንዱ ሳህን ታቅፎ...

የመጨረሻው ሲወርድ ሣንቃውን ጣለና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት። በጎድጓዳ ሳህን ነው የሰጠሁት፤ ብርጭቆዎቹ በሳህን ተከበው አልደረስኩባቸውም። ጠጣና ግድግዳውን መረመረ።

«በዚህ ብሎን ሳህን አይደለም ባርኔጣ አይሰቀልም» አለ። «ማነው የሠራልህ?»

እኔ ነኝ አልኩ።

«ይታያል።»

ሲወጣ ስለ ተብለጽ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም።

የካቲት 7፣ ሰኞ

ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ግድግዳ የሚበሳውን ትራፓኖ ይዟል፣ ጣት የሚያህል ብሎን ይዟል። ከኋላው ተብለጽ።

«ለእህቴ ብዬ ነው እንጂ ለአንተ አይደለም» አለ። «ሳህን ወድቆ ይመታታል።»

እሱ ሲበሳ እኔና እሷ ኩሽና ቆምን። ለምን ጠፋሽ አልኳት። ረዘነን አኩርፌው ከርሜ ነው፣ ሳልታረቀው ደግሞ አንተ ጋ መምጣት አልቻልኩም አለች። ትናንት ማታ ራሱ መጣ። ምን አለሽ? ገና ስታስበው ትስቃለች።

«‹ሰውየው ደህና ነው። መደርደሪያ ግን አይሠራም› አለኝ።»

መደርደሪያው አሁን ዝሆን ይሸከማል። ራት ሦስታችን በላን፤ ዳክዬዎቹ ባሉበት ትልቁ ሳህን፣ በአውቶቡስ በፎጣ ጠቅልላ ይዛው መጥታ ኖሮ። ረዘነ እንጀራውን ጠቅልሎ ወጡን አጠቀሰና ወደ እኔ ዘረጋ። አጎረሰኝ። ትልቅ ጉርሻ ነበር፣ ሊያንቀኝ ምንም አልቀረው።

መጋቢት 18፣ እሑድ

ጾም ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ። የቶር ፒኛታራውን ክፍል እናሰፋለን፤ ከጎን ያለው ባዶ ክፍል ተገኘ። ተብለጽ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ለየች። የሚበላበትና የማይበላበት ብላ። ብዙ ተከራከርን። የማይበላበት ጥቂት ነው።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

አባ ተክለ ጻድቅ ባርከው አጋቡን።

ምን ብዬ ልጻፍ? ኦሬስቴ ሳይቀር መጣ፣ ክራቫት አሥሮ። ረዘነ ጨፈረ። አንድ ሳህን ተሰበረ፣ በእኔ እጅ። ማንም አላየም መስሎኝ ስባሪውን በእግሬ ስገፋ ተብለጽ አየችኝ።

ግንቦት 28፣ እሑድ

ረዘነ ቤት ነበርን። ስልክ ያለው እሱ ነው። ምሳ አልቆ ሐብሐብ እየበላን ስልኩ ጮኸ። ረዘነ አነሣ። «ፕሮንቶ» አለ። እጁን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። ሚስቱ ማነው? ማነው? ትላለች።

መብራህቱ ነበር። የደወለው ከካርቱም ነው። እግሩ ቆስሎ ለሕክምና አውጥተውት፣ አሁን በምርኩዝ ይራመዳል። ድምፁ ደህና ነው፣ በጣም ደህና። ረዘነ አለቀሰ፣ ሚስቱ እልል አለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም እየጮኸ ነው የሚያወራው፣ ካርቱም ሩቅ ነውና።

ተብለጽ ደረሳት። በትግርኛ ተጣደፈች፤ ጤናህ፣ እግርህ፣ ምን ትበላለህ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ውጣ የሚለኝ ሰው የለም፣ እግሬ ግን ወደ ኮሪደሩ ዳር ዳር ይላል። ልጁ የተዋጋው ከማን ጋር ነው? በመጀመሪያው ቀን፣ በቆሰለ እግሩ፣ ይህን ሊሰማ...

ተብለጽ አየችኝ። ና ሳትለኝ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝና ስልኩን ለሁለታችን ጆሮ አደረገችው። አግብቻለሁ አለችው። የስልኩ መስመር ሽው አለ። ከዚያ ሳቅ ሰማሁ፣ የወጣት ሳቅ። ማነው ሰውየው አለ፤ ይህን ያህል ትግርኛ እሰማለሁ። ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል አለችው።

የካርቱሙ ሳቅ ቆመ።

«ከየት ነው?» አለ።

ረዘነ ቀና አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ተብለጽ የሐብሐብ ፍሬ ከከንፈሯ በጣቷ አነሣች።

«ከቶር ፒኛታራ» አለችው። «ሰላም በለው፣ አጠገቤ ነው።»